የሚረጋው

ሱቄን ስዘጋ ማታ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣
የጦሳ ብርድ ወርዶ ቆርቆሮው ላይ ሲያድር፣
ጀሪካኑን አያለሁ፤ ዘይቱ ነጥቶ ደርቆ
እንደ ሻማ ቁራጭ ከታች ተጣብቆ።
ጠዋት ከነጀሪካኑ ፀሐይ ላይ አውጥቼ፣
ለመጀመሪያው ደንበኛ በስኒ ቀድቼ
እሰጣለሁ። እንዲህ ነው አስራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ማቅለጥ ነው፣ መስፈር ነው፣ ዱቤ መጻፍ ነው ሕይወቴ።

ባቲ ያለው አማቼ ይህንኑ ነው የሚሸጥ፤
እሱ ዘንድ አይረጋም፤ በዚያ ሐሩር ሲቀልጥ
አንድ ቀን ነጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ይስቅብኛል፤
«የደሴ ሰው ዘይቱም ይበርደዋል» ይለኛል።

የኑግ ዘይት ግን ሌላ ነው። ከኮምቦልቻ ተጨምቆ፣
የሐረጎን ጥምዝምዝ በሙህዬ አይሱዙ ዘልቆ
ይደርሳል፤ ክዳኑ ሲነሳ ፋጉሎ ፋጉሎ ይሸታል፤
ዋጋውን የጠየቀ ከንፈሩን ይመጥጣል።
በጥቅምት ውርጭ እንኳ ከጠርሙሱ ይፈሳል፤
ድሃ ደጅ ሲደርስ ግን መንገዱን ይረሳል።

በቀደም ማታ፣ ሰማያዊ ደብተሬን ገለጥኩት፤
የሰፈሩ ጤና ኖሯል፣ እኔ ዱቤ ነው ያልኩት።
ጦይባ ሳምቡሳ ሻጯ፦ ሁለት ሊትር፣ የሚረጋ።
ዓርብ ጠብሳበት፣ ቅዳሜ ጠብሳበት፣ እሁድ ሲነጋ
ቡና መስሎ ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ ትጨምራለች ጠብታ፤
አትፍረዱባት፤ አራት አፍ ይጠብቃታል ማታ።
ጋሽ አራጌ ልብስ ሰፊው፦ በፍልሰታ ኑግ፣ በስኒ፣ ያውም ተከራክሮ፤
ከዚያ ወዲያ የሚረጋ፣ የሚረጋ፣ እስከ ዘንድሮ።
ቅቤውን እህቱ ከወረኢሉ ትልክለታለች፤ እኔ ጋ አልተጻፈም።
ሰኔ ላይ ግራ እጁ ዛለ፤ ጨርቁን አልጨበጠም።
ሐምሌ ላይ ስሙን ሰረዝኩ። ዕዳው ሰባ ብር ነበር፤
ማንን ልጠይቅ? ክር እንደጎረሰች የቀረችውን ሲንጀር?

የእኔም ቤት ወጥ የሚሠራው ከዚያው ጀሪካን ነውና፣
ቦሩ ሜዳ ሄድኩ። ክንዴን ጠቅልላ ለካችኝ ሲስተር መዲና።
«እኔ ውስጥም እንዲህ ይረጋል?» ብዬ ጠየቅኳት።
ሳቋ አመለጣት።
«አይረጋም፤ የሰው ሆድ ባቲ ነው፣ ሁሌ ሞቃት።
ግን ሲደጋገም የደም ስርህን ከውስጥ ይለስነዋል፤
ዓመት በዓመት፣ ልስን በልስን ላይ፣ እንደ ጭቃ ቤት፤
በሩ እየጠበበ እየጠበበ፣ አንድ ቀን ማንንም አያሳልፍም።»
«ቅቤስ?»
«እሱም ዘመዱ ነው። በማንኪያ ጫፍ።»
«ኑጉስ?»
«ይሻላል። እንደ ውሃ አይቀዳም እንጂ። የጠቆረውን ግን፣ የማንም ይሁን፣ ድፉት።»
ዋጋውን አልነገርኳትም። እሷም ደሴ ነው የምትገበየው፤ ታውቃለች።

ለጦይባ ኑግ ሰጠኋት፣ አንድ ሊትር፣ በኪሳራ፤
በማግስቱ ግማሹን መለሰችው፤ «ደንበኛ ‹ምን ሸተተ› አለኝ፤ አልሆነልኝም ለሥራ።»
አልተቀየምኳትም። እኔስ የሚረጋውን መሸጥ መቼ ተውኩ?
ሦስት ልጅ ላስተምር አይደል ከዚህ ባንኮኒ የቆምኩ?

ዛሬም መሸ። ብርዱ ወረደ። ጀሪካኑ ነጣ።
ነገ ግን አላቀልጠውም፤ ፀሐይ ላይ አይወጣ።
አንገቱን በመጋዝ ልቁረጠው፤ የፈለገ ይምጣና
በቢላ ከፍዬ ልስጠው፣ እንደ ሳሙና፤
መዳፉ ላይ ላኑርለት፣ ነጩን፣ ቀዝቃዛውን፣
አስራ ዘጠኝ ዓመት አቅልጬ የደበቅኩበትን መልኩን።

ዋጋው እንደ ትናንቱ ነው።
አይቶ ይውሰድ።